ከኮርዶባ ወደ ግራናዳ በመኪና፣ በየት በኩል?

ጥያቄ፦ ሰላም! ስፔን ውስጥ መኪና ተከራይተን ከኮርዶባ ወደ ግራናዳ ልንሄድ ነው። የሚያምረው መንገድ የቱ ነው? አማቴም አብረውን አሉ፤ ጠመዝማዛ መንገድ አይስማማቸውም።

መልስ፦ ኤን 432 የሚባለውን አውራ ጎዳና ያዝ። 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግራ ቀኙ የወይራ ዛፍ ብቻ። ባዬና ከተማ ላይ የወይራ ዘይት ግዙ፣ ስመ ጥር ነው። አልካላ ላ ሪያል የምትባለውን ከተማ ግን ዝም ብላችሁ እንዳታልፉ። ኮረብታው አናት ላይ ላ ሞታ የሚባል ምሽግ አለ። እኔ እንደውም ምሳዬን እዚያው ነው የምበላው።

ሌላ መልስ፦ ከባዬና ወደ ዙኤሮስ መንደር ታጠፉ። ነጫጭ ቤቶች፣ ቋጥኝ ላይ የተሰቀለ ግንብ! መንገዱ ይጠማዘዛል፤ አማትህን ፊት አስቀምጣቸው።

ጠያቂው፦ ሚስቴ ታኮርፋላ!

መልስ፦ ታኩርፍ 😄 ግራናዳ ያለውን የአልሃምብራን ምሽግ ትኬት ግን ቀድመህ ቁረጥ። ውስጡ ያለው የናስሪዶቹ (የድሮዎቹ የግራናዳ ሙስሊም ነገሥታት) ቤተ መንግሥት መግቢያ ሰዓት አለው፤ ለማግስቱ አድርገው።