የተጎዳ ሳኩለንት ለማዳን ደብረ ብርሃን ላይ ምን ይሻላል? የኔ ጥቆማ

ከችግኝ መሸጫ ገዝታችሁት ቅጠሉ የሚረግፍ፣ ግንዱ የሚጠቁር ሳኩለንት (በወፍራም ቅጠሉና ግንዱ ውሃ የሚያጠራቅም ተክል) ካላችሁ ማዳበሪያም መድኃኒትም ለመግዛት አትሩጡ። ገንዘባችሁን አፈርና ፖት ላይ አውሉት። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ተክሉን የሚገድለው በአብዛኛው እርጥብ አፈርና የሌሊት ብርድ አንድ ላይ ሲገጥሙት ነው።

መጀመሪያ ምን እንደነካው እወቁ። አፈሩ ደርቆ ቅጠሉ ከተጨማደደ ጠምቶታል፤ በደንብ አጠጡት፣ ይነሳል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከተጨማደደ ግን ሥሩ በስብሷል። ውሃው አጠገቡ እያለ መጠጣት አልቻለም ማለት ነው። ያኔ ውሃ መጨመር ጨርሶ መግደል ነው። ከታች ያሉት ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ከለሰለሱ ውሃ በዝቶበታል። ከላይ ያሉት ወይም በመስኮቱ በኩል ያሉት በአንድ ሌሊት ውሃ የቋጠሩ ከመሰሉ ውርጭ ነው። ደረቅ ቡናማ ጠባሳ ከሆነ ደግሞ ፀሐይ አቃጥሎታል። ጠባሳው አይለቅም፤ ተክሉ ግን አይሞትም፣ አዲስ ቅጠል ያወጣል።

የኔ ኤቼቬሪያ (ቅጠሏ እንደ አበባ ዙሪያውን የተደረደረ የሳኩለንት ዓይነት) የመጣችው አዲስ አበባ ካለ አንድ ትልቅ ችግኝ ቤት ነው። ከላይ ስትታይ ታምራለች። ከፖቱ ሳወጣት ግን ሥሯ ዙሪያ የታመቀ ኮኮፒት (በአፈር ፋንታ የሚያገለግል የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) ነበር፤ ላዩ ደረቅ፣ መሃሉ ጭቃ። ግሪን ሃውስ ውስጥ ለሚያድግ ችግኝ ይሄ ችግር የለውም፣ ሙቀቱ ያደርቀዋል። እኛ ጋ ግን ሳምንቱን ሙሉ አይደርቅም። ስለዚህ ከችግኝ ቤት የመጣ ሳኩለንት ሁሉ፣ ጤነኛ ቢመስልም፣ አፈሩ መቀየር አለበት ባይ ነኝ።

የበሰበሰውን ሥር በንጹሕ ምላጭ ቁረጡ። ግንዱ ውስጥ ጥቁር ነጥብ ወይም ቀለበት እስካለ ድረስ ወደ ላይ እየቆረጣችሁ ሂዱ፤ ንጹሕ አረንጓዴ ወይም ነጭ ሲሆን አቁሙ። ከዚያ ጥላ ባለበት ደረቅ ቦታ ከ3 እስከ 7 ቀን አስቀምጡት። በክረምት ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ቁስሉ ላይ ቀረፋ ወይም የከሰል ዱቄት የሚነሰንሱ አሉ። አይጎዳም፤ የሚያድነው ግን መድረቁ ነው። የወደቁ ጤነኛ ቅጠሎችንም አትጣሉ። ኤቼቬሪያ ከአንድ ቅጠል ራሱ ትበቅላለች፤ ደረቅ አፈር ላይ አጋድሟቸው።

አሁን ወደ አፈሩ። የግቢያችን መረሬ ለዚህ ተክል አይሆንም። ሲረጥብ ያፍነዋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከችግኝ መሸጫ በከረጢት የሚሸጠው ኮምፖስት ያለበት ጥቁር አፈር ለጽጌረዳ ጥሩ ነው፤ ለብቻው ለሳኩለንት ግን ውሃ ይይዛል። ለልስን የሚሆነው ደቃቅ አሸዋ ደግሞ ከአፈር ጋር ሲገናኝ ይታመቃል፤ አሸዋ ካላችሁ ሻካራውን ምረጡ።

ከሁሉ የምመክረው ፑሚስ ነው። ብሎኬት የሚያመርቱ ልጆች ጋ ሂዱና ጠይቁ። ከስምጥ ሸለቆ ተጭኖ የሚመጣ ቀላል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ውሃ ያሳልፋል፣ አየር ይይዛል፣ አይበሰብስም። በጆንያ ስትወስዱ ከአበባ ሱቅ ዕቃ ጋር የሚወዳደር ዋጋ የለውም። አንድ ነገር ብቻ፦ ንፉት። ዱቄቱ ከቀረ ጭቃ ይሆናል። ከምስር እስከ ሽምብራ የሚያክለውን አስቀሩ። ሁለት እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ አፈር ይበቃል። ሥሩ ሙሉ በሙሉ ለተቆረጠ ተክል አፈሩን በጣም ቀንሱት። ፑሚስ ካጣችሁ ሬድ አሽ የሚሉት ቀዩ ጠጠርም ይሠራል፣ ክብደቱ ነው እንጂ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ እሬት ድንጋይ ላይ እንዴት እንደሚኖር ታያላችሁ። እሬትም ሳኩለንት ነው፤ ተክላችሁም የሚፈልገው ያንን ነው።

ፖት ከሆነ ሸክላ ይሻላል፣ ጎኑ ሁሉ ይተነፍሳል። ገበያ ያሉት እናቶች የሚያመጡት ድስትና ጀበና ነው፤ ትንሽ ፖት አዘዟቸው፣ ሳይተኮስም ታቹን ቀዳዳ እንዲያደርጉላችሁ ንገሯቸው። ከተተኮሰ በኋላ ሲበሳ ይሰነጠቃል። ፕላስቲክ ርካሽ ነው፤ ታቹን በጋለ ሚስማር መብሳት ነው። ቀዳዳ የሌለውን የሚያብረቀርቅ የሴራሚክ ዕቃ ግን ለተጎዳ ተክል በፍጹም።

ዩሪያ አትንኩ። የቆሰለ ሥር ያቃጥላል። ቅጠሉ ሥር ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ ተባይ ነው፤ ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ገዝታችሁ በጥጥ ጥረጉት፣ በሳምንቱ ድገሙት። ማላታይን የሚባለውን የተባይ መርዝ ቤት ውስጥ መርጨት አልደግፍም፣ ልጆች አሉ።

የት እንግዛ ለምትሉ፦ የአዲስ አበባ ችግኝ ቤቶች ዓይነት አላቸው፣ ግን ተክሉ ብርድ አያውቅም። ደብረ ብርሃን መንገድ ዳር የሚሸጡት ወጣቶች ዓይነታቸው ጥቂት ነው፤ የሚሸጡት ግን ሌሊቱን ውጭ ያደረ ተክል ነው፣ እኔ ያንን እመርጣለሁ። በቴሌግራም የሚሸጡ ሰዎች ከአፈሩ ነቅለው በጋዜጣ ጠቅልለው በመኪና ይልካሉ። ብዙ ሰው ይሄንን ይፈራል። ለሳኩለንት ግን ጥሩ ነው፤ ሥሩን በዓይናችሁ አይታችሁ ትረከባላችሁ። የትም ብትገዙ ግንዱን በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት። ከተወዛወዘ ተዉት።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡ፣ ከመስታወቱም ራቅ አድርጉ። የማይነሳ ትልቅ ፖት ከሆነ ጆንያ ወይም አሮጌ ባና አልብሱት፣ ጠዋት ግለጡት። በዚያ ወቅት ውሃ የሚሰጠው ረፋድ ላይ ነው፣ እሱም አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ይሄ አይመለከታችሁም። እናንተ ወደ 1,300 ሜትር ላይ ናችሁ፤ የናንተ ጠላት የቀትር ፀሐይ ነው፣ ጥላ አድርጉለት።

አንኮበርና መሃል ሜዳ አካባቢ ፑሚስ በጆንያ የሚሸጥበትን የምታውቁ ጠቁሙን፣ ከዚያ የሚጠይቁኝ አሉ።