ክርክር፦ ሱፐር ማሪዮ 2 ለዛሬ ልጆች እንደ ድሮው ይቅረብ ወይስ ሴቭ ይፈቀድ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ የሰሜን ሸዋ ልጆች። የዛሬው ጥያቄ ብዙዎቻችን በልጅነታችን በካሴት የተጫወትነውን ሱፐር ማሪዮ 2ን ይመለከታል። ጌም ቤቶችና የወጣት ማዕከላት ይህን ጌም በኮምፒውተር ጭነው ለሕፃናት ሲያቀርቡ ሴቭ (የደረሱበትን ማስቀመጥ) እና ሪዋይንድ (ጨዋታውን ወደ ኋላ መመለስ) ይፈቀድ ወይስ እንደ ድሮው በ3 ነፍስና በ2 ኮንቲኒው (ነፍስ ሁሉ ሲያልቅ የሚሰጥ መቀጠያ) ብቻ ይሁን? ጌሙን ለማያውቅ፦ ኔንቲዶ በ1988 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ላይ ያወጣው ነው። በየደረጃው መጀመሪያ ከማሪዮ፣ ከሉዊጂ፣ ከቶድና ከልዕልቷ አንዱን ትመርጣላችሁ፤ ሣር ነቅላችሁ ከሥሩ የወጣውን ጠላት ላይ ትወረውራላችሁ። 7 ዓለምና 20 ደረጃ አለው፤ ነጥብም ሰዓትም አይቆጥርም፤ ካሴቱ ላይ ሴቭ የለም። ክርክራችሁን ከጌሙ አሠራር ጋር አያይዙት፤ ስድብ አይፈቀድም።

የጠባሴው፦ ሴቭና ሪዋይንድ ይዘጋ ባይ ነኝ። ምክንያቴ ችግር መውደድ አይደለም። ጌሙ የተሠራው በምርጫ ላይ ነው፤ ምርጫ ደግሞ ዋጋ ከሌለው ምርጫ አይባልም። ሉዊጂ ከሁሉም ከፍ ብሎ ይዘላል፣ ሲያነሳ ግን ከማሪዮ ይዘገያል። ቶድ ዝላዩ አጭር ነው፣ ነገር ግን ሣሩን ነቅሎ ለማንሳት የሚቀድመው የለም፤ ሸክም ይዞም ፍጥነቱ አይቀንስም። ልዕልቷ አየር ላይ ለአፍታ ተንሳፍፋ ትሄዳለች፣ ስታነሳ ግን ከሁሉም ትዘገያለች፣ ከተሸከመች ደግሞ ዝላይዋ ይወርዳል። ማሪዮ በሁሉም መካከለኛ ነው።

አሁን ዓለም 2ን አስቡት። አሸዋ ነው፤ ወደ ታች እየቆፈራችሁ ትወርዳላችሁ፣ ጠላት ከላይ ይከተላል። በልዕልቷ የገባ ልጅ እያንዳንዱን የአሸዋ ክምር ሲያነሳ ጠላቱ ደርሶ ራሱ ላይ ይወጣል። በቶድ የገባ ሰተት ብሎ ይወርዳል። ካሴቱ ላይ ነፍስ ብትጠፋም ባለታሪኩን መቀየር አይቻልም፤ ደረጃው እስኪያልቅ ወይም ነፍሱ ሁሉ አልቆ ኮንቲኒው እስኪባል በመረጥከው ትቆያለህ። ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ አስቦ እንዲመርጥ የሚያደርገው ይህ ነው። ሪዋይንድ ከተፈቀደ ሁሉም ልጅ 20ውን ደረጃ በልዕልቷ ተንሳፍፎ ይጨርሰዋል፤ ሌሎቹ ሦስቱ ስክሪኑ ላይ ጌጥ ሆነው ይቀራሉ።

ሮቢቴ፦ ወንድሜ፣ የባለታሪኮቹን ጠባይ በደንብ አስቀምጠኸዋል። መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። ጌም ቤት ልጁ የሚከፍለው በደቂቃ ነው። ነፍሱ 4-3 ላይ፣ ማለትም በዓለም 4 ደረጃ 3 ላይ፣ ያለቀበት ልጅ ኮንቲኒው ሲል የሚመለሰው ወደ 4-1 ነው። ሁለቱ ኮንቲኒው ካለቁ ወይም መብራት ከሄደ ደግሞ ወደ 1-1። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ማለት ልጁ ዓለም 1ን እየደጋገመ ሲከፍል መኖር ነው። የበረዶውን ዓለም ሳያይ ያድጋል።

ደግሞስ ሴቭ ለዚህ ጌም ባዕድ ነው ያለው ማን ነው? ጌሙ መጀመሪያ ጃፓን ላይ በ1987 እ.ኤ.አ. ዶኪ ዶኪ ፓኒክ በሚባል ስም በዲስክ ወጥቶ ነበር፤ ባለታሪኮቹ ሌሎች አራት ሰዎች ነበሩ። ዲስኩ ሴቭ ያደርግ ነበር። እንዲያውም መጨረሻውን ለማየት በአራቱም መጨረስ ግዴታ ስለነበር ያለ ሴቭ አይሞከርም። ወደ ካሴት ሲዞር ሴቩ ቀረ። በ1993 እ.ኤ.አ. በሱፐር ማሪዮ ኦል ስታርስ እንደገና ሲወጣ ሴቩ ተመለሰ፣ ነፍስ በጠፋ ቁጥርም ባለታሪክ መቀየር ተፈቀደ። «እንደ ድሮው» የምትለው እንግዲህ በሁለት ባለሴቭ ሥራዎች መሐል ያለውን አንዱን ብቻ ነው።

የጠባሴው፦ ዶኪ ዶኪ ፓኒክን ማንሳትህ ተገቢ ነው፤ ለእኔም ይመሰክራል። በአራቱም ጨርሱ ያለው ያው ጌም ነው፣ ማለትም ሠሪዎቹ ምርጫውን በቁም ነገር ይዘውታል። የዲስኩ ሴቭም ያለፍከውን ይመዘግባል እንጂ ዝላይ መሐል ላይ ቆርጦ አይመልስህም። የካሴቱን ጌም በኮምፒውተር የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ኢሙሌተሩ፣ የሚሰጠው ግን ሌላ ነገር ነው። ማሽኑን እንዳለ ቀርጾ ያስቀምጣል፣ እግሩ አየር ላይ እያለ እንኳ።

ይህ የት እንደሚያደርስ ልንገርህ። በየደረጃው መጨረሻ በሰበሰብከው ሳንቲም ልክ የምትጫወተው የዕጣ ማሽን አለ፤ ፍሬዎቹ ከገጠሙ ነፍስ ይጨምራል። ልጁ ከማሽከርከሩ በፊት ሴቭ ያደርጋል፣ ካልገጠመ ይመልሳል፣ እስኪገጥም ይደጋግማል። ሳንቲሙ የሚገኘው ከሣር ሥር የሚነቀለው የመድኃኒት ብልቃጥ ሲወረወር በሚከፍተው በር ገብተህ በጨለማው ዓለም ሣር ስትነቅል ነው፤ በሩን የት እንደምትከፍት ካላሰብክ ሳንቲሙም እንጉዳዩም አይወጣልህም። ነፍስ በነፃ ከመጣ ያንን ማን ይለፋበታል?

መንዜዋ፦ ሁለታችሁም አንድ ነገር ረሳችሁ። ጌሙ ለጊዜ አጭር ሰው ራሱ መንገድ አዘጋጅቶለታል። ከ1-3 ወደ ዓለም 4፣ ከ3-1 ወደ ዓለም 5፣ ከ4-2 ወደ ዓለም 6፣ ከ5-3 ወደ ዓለም 7 የሚያሻግር ጋን አለ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መድኃኒቱን ነቅላችሁ ሳትወረውሩ እስከ ጋኑ ትሸከሙታላችሁ፤ እዚያ ስትወረውሩት በር ይወጣል፤ በበሩ ትገቡና ጨለማ ውስጥ ጋኑ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ትጫናላችሁ። ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ መድኃኒቱን ከጋኑ ርቆ ይወረውረዋል፤ ጨለማው ዓለም ስክሪኑን አያንሸራትትም፣ በሩን ስትከፍቱ ያያችሁት ቦታ ብቻ ነው ያላችሁ፣ ስለዚህ ጋኑ እዚያው ስክሪን ውስጥ መታየት አለበት። ሁለተኛ፣ ሳንቲም ሲነቅል ጊዜው ያልቅና ወደ ውጭ ይመለሳል። ለልጆቹ ይህን አስተምሯቸው፤ ሴቭ አያስፈልጋቸውም።

ሮቢቴ፦ እቴ፣ ጋኑን ማወቁ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከ1-3 ወደ ዓለም 4 የዘለለ ልጅ ዓለም 2ንና 3ን አላየም ማለት ነው። ቶድ የሚያበራበት አሸዋ ያ ነበር። የጠባሴው ልጅ የሚሟገትለት ምርጫ በጋኑም ይፈርሳል፣ በሪዋይንድ ብቻ አይደለም። ከዚያም ልጁ በ2 ልብ በዓለም 4 በረዶ ላይ ይወድቃል፤ እየተንሸራተተ መቆሚያም አያገኝ።

መንዜዋ፦ ይህን አልክድም። ቢሆንም በጋኑ መሄድ የጌሙ አካል ነው፤ መድኃኒቱን ተሸክሞ ጠላት አልፎ መድረስን ይጠይቃል። ሪዋይንድ ምንም አይጠይቅም።

ባለ ጥገናው፦ ልጆች፣ «እንደ ድሮው» እያላችሁ ነው የምትከራከሩት፤ ድሮ የተጫወታችሁበት ፍጥነት ግን አሁን ኮምፒውተሩ የሚያሳየው አይደለም። ፓል ለሚባለው የቴሌቪዥን ስልት የተሠሩት የቻይና ማሽኖች በሴኮንድ 50 ምስል ነው የሚያወጡት። የአሜሪካው ጌም የተሠራው ለ60 ነው። ጌሙ ደግሞ በእያንዳንዱ ምስል አንድ እርምጃ ይሄዳል። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ 60 ሴኮንድ የሚፈጀው መንገድ በእነዚያ ማሽኖች 72 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ሙዚቃውም በዚያው ልክ ይጎተታል። ዛሬ ልጁን በ60 አስቀምጣችሁ በ3 ነፍስ ጨርስ ብትሉት፣ ከእናንተ የበለጠ ከባድ ነገር ነው የሰጣችሁት። ፍትሐዊ ክርክር ከፈለጋችሁ ይህን ከግምት አስገቡ።

ሌላው መዘግየት ነው። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ምስሉን ሲያሰማምር ጣት ከተጫነችበት እስከ ሚታይበት ጊዜ ይወስዳል። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ጌም ሞድ የሚለውን አብሩት። ምስሉን ደግሞ በ4 ለ 3 አድርጉት፤ ሰፍቶ ሲለጠጥ ልጁ የዝላዩን ርቀት በዓይኑ መለካት ያቅተዋል።

ጆይስቲክም አለ። ርካሹ ዩኤስቢ ጆይስቲክ ታች ሲጫን ትንሽ ወደ ጎን ይደርባል። በዚህ ጌም ታች ተጭኖ ተቀምጦ ሰውነቱ እስኪያብረቀርቅ ጠብቆ መዝለል አለ፤ ዝላዩ የሚበረታው በዚያ ነው። ጆይስቲኩ ወደ ጎን ከደረበ ባለታሪኩ ወደ ጎን ሄዶ ገደል ይገባል፣ ልጁ ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ቱርቦ የሚባሉትን ቁልፎች ከኮምፒውተሩ ላይ አጥፏቸው፤ ቱርቦው ለሩጫ የሚያዘውን ቢ (B) ቁልፍ እየቆራረጠ ስለሚጫን ሩጫው ይቆራረጣል።

ሮቢቴ፦ ጋሼ፣ አሮጌውን ማሽን ራሱን እናስነሳው ቢባልስ? ካሴቱ ያላቸው ሰዎች አሉ።

ባለ ጥገናው፦ ይቻላል። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን አዳፕተሩን አጣርቶ ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች ውስጥ 7805 የምትባል ሦስት እግር ያላት ዕቃ አለች፤ የገባውን ቮልት ወደ 5 አውርዳ ትሰጣለች፣ ትርፉን በሙቀት ትጥለዋለች። 9 ቮልት ሲገባ የምትጥለው 4 ነው። ሰው አዳፕተር ጠፍቶበት 12 ቮልት ሲሰካ የምትጥለው 7 ይሆናል፣ ማለትም ሙቀቱ 1.75 እጥፍ። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ትችለው ይሆናል፤ ቆላ ላይ ግን ሞቃ ራሷን ታጠፋለች፣ ማሽኑ መሐል ላይ ቀጥ ይላል። ፕላጉ ላይ ፕላስና ማይነሱ የተገላቢጦሽ አለመሆኑንም ማሽኑ ላይ ከተጻፈው ጋር አመሳክሩ፤ ከተሳሳተ አንዴ ነው የሚቃጠለው።

እንሳሮ፦ አንድ ያልተነሳ ነገር። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ ነው። ካሴቱን የገዛ ሰው በቤቱ መጫወቱና ጌም ቤት ከኢንተርኔት አውርዶ በደቂቃ ማስከፈሉ አንድ አይደለም። ሴቭ ይፈቀድ አይፈቀድ ከማለታችን በፊት የሚያስከፍል ቤት ይህን ማሰብ ይገባዋል። የወጣት ማዕከሉ ከካሴቱ ቢጀምር ይሻለዋል።

የጠባሴው፦ ልክ ነው፣ እቀበላለሁ። ስለ ፍጥነቱም ጋሼ የነገሩንን እቀበላለሁ፤ ለጀማሪ 50 ላይ ቢደረግ አልቃወምም፣ ምርጫውን አይነካምና። ሪዋይንድ ላይ ግን አልንቀሳቀስም። ሬትሮአርች የሚባለውን የኢሙሌተር ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ሪዋይንድ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ እንዳታበሩት። የሴቭ አቋራጭ ቁልፎቹን ደግሞ ከሜኑው አጥፉና ልጆች ቅንብሩን እንዳይነኩ በሚያደርገው ኪዮስክ ሞድ ቆልፉት።

መንዜዋ፦ ሴቩን ሙሉ በሙሉ ከመዝጋት ይልቅ ባለታሪክ መምረጫው ስክሪን ላይ ብቻ ኃላፊው ራሱ ሴቭ ያድርግላቸው። ያን ጊዜ ዲስኩ ከሚያደርገው ብዙም አይርቅም። የዕጣ ማሽኑም ስላለፈ አይጭበረበርም። አራት ልጆች ካሉ እያንዳንዱ አንድ ባለታሪክ ይያዝ፤ ደረጃ ሲመጣ ይመካከሩና የሚስማማው ልጅ ጆይስቲኩን ይረከብ። ጌሙ ሲያልቅ ማን ስንት ደረጃ እንደጨረሰ ራሱ ቆጥሮ ያሳያል። ሴቩ ቆጠራውን ይዞ ስለሚቀጥል አይጠፋም።

ባለ ጥገናው፦ ሴቭ ካደረጋችሁ በሁለት ቁጥር እያፈራረቃችሁ አድርጉ፣ ዛሬ በ1፣ ነገ በ2። ፋይሉ ሲጻፍ መብራት ከሄደ የሚበላሸው አንዱ ብቻ ይሆናል። ኢሙሌተሩንም ልጆቹ ጀምረው ሳይጨርሱ አታድሱት፤ በአሮጌው የተቀረጸ ሴቭ በአዲሱ ላይከፈት ይችላል።

ሮቢቴ፦ ወደዚህ ሐሳብ እቀርባለሁ፣ ግን አንድ ቦታ ይቀረኛል። 7-2 ረጅም ነው፤ ክፍሎቹ ብዙ ናቸው፣ ቁልፍ ፍለጋ አለ፣ ቁልፉን ስታነሳ የሚበረው ጭንብል ጠላት ይከተልሃል። መጨረሻ ላይ የጌሙ የመጨረሻ ጠላት ዋርት አለ፤ አፉን ሲከፍት አትክልት 6 ጊዜ ማጉረስ ነው። ያ ልጅ ለአራት ቀን ተከፍሎለት እዚያ ደርሶ መብራት ቢሄድበት፣ ወደ 7-2 በር መልሱት ማለት ለእኔ አሁንም ልክ አይደለም። ቢያንስ ለዚህ አንድ ደረጃ ዋርት በር ላይ ሴቭ ይፈቀድ።

የጠባሴው፦ እዚያ ላይ ነው የማልስማማው። 7-2 ላይ ማንን ይዞ መግባት እንዳለበት የሚወስነው እኮ ያ መንገድ ነው። ለዋርት ፈጥኖ የሚያነሳው ቶድ ይሻላል፤ እስከ ዋርት ለመድረስ ግን ዝላይ የሚሻበት ቦታ አለ። በሩ ላይ ሴቭ ከተደረገ ልጁ መንገዱን ይረሳና ለዋርት ብቻ ይመርጣል። መብራት ለሄደበት ልጅ ደቂቃውን መመለስ የጌም ቤቱ ፈንታ ነው፤ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ለመነሳት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል፣ ሴቩም ያኔ ብቻ ይደረግ፣ ኃላፊው እያየ።

ሮቢቴ፦ ዩፒኤስ ካለ እስማማለሁ። ከሌለስ?