የተፈጥሮ አደጋዎችን በደረሱበት ሰዓት መከታተል፦ ከየትኛው ምንጭ እንጀምር?

የቻናል_አዘጋጅ

ሰላም ለሁላችሁ። በአማርኛ ለሚሠራ የቴሌግራም ቻናል የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የእሳተ ገሞራ፣ የአውሎ ነፋስና የሰደድ እሳት መረጃ በትኩሱ ማቅረብ ተፈልጓል። አንባቢዎቹ አዲስ አበባም አፋርም፣ ሪያድና ዱባይም፣ አሜሪካም አሉ። ያስቸገሩን ነገሮች፦ ለአንድ መንቀጥቀጥ አንዱ 5.5 ሌላው 5.8 ሲል የትኛውን እንጻፍ? ሰዓቱ ሁሉ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ስለሚወጣ ቀኑ ጭምር ይምታታብናል። ማንቂያውስ እንዴት ይስተካከላል? በዓለም ላይ የሚደርሰው ሁሉ ስልካችን ላይ ከጮኸ ሥራ አያሠራም። ዳታ የማይበላ መንገድ ካለ ይበልጥ ደስ ይለናል።

ስምጥ_ሸለቆ

ከቁጥሩ እንነሳ። የአሜሪካው ዩኤስጂኤስ፣ ፈረንሳይ ያለው ኢኤምኤስሲና የጀርመኑ ጂኤፍዜድ መንቀጥቀጥ የሚመዘግቡ ተቋማት ናቸው፤ የሚጠቀሙባቸው ጣቢያዎች ይለያያሉ፤ አንዳንዴ ስሌታቸውም ይለያያል። ስለዚህ የ0.2 ወይም የ0.3 ልዩነት የተለመደ ነው፤ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም። አማካይ እንዳታወጡ። አንድ ምንጭ ምረጡ፤ ከቁጥሩ ጎን የምንጩን ስምና ያያችሁበትን ሰዓት አስፍሩ። መጀመሪያ የሚወጣው ኮምፒውተር በራሱ ያሰላው ነው። ባለሙያ አይቶ እስኪያጸድቀው ድረስ ቁጥሩም ቦታውም ይቀያየራል።

በጣም ትልቅ መንቀጥቀጥ ሲሆን ደግሞ የመጀመሪያው ቁጥር ብዙ ጊዜ ያንሳል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 የሩሲያዋ ካምቻትካ ስትናወጥ መጀመሪያ የወጣው 8.0 ነበር፤ ከዚያ 8.7 ተባለ፣ በመጨረሻ 8.8 ላይ ረጋ። አለቱ የተሰነጠቀው በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርዝመት ነው፤ ስንጥቁ ዳር እስከ ዳር ለመድረስም ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ሙሉ ጉልበቱን የሚያሳዩት ረጃጅም ሞገዶች ተመዝግበው እስኪያልቁ ስሌቱ ያጥራል። ከ8.0 ወደ 8.8 ትንሽ እርማት ይመስላል እንጂ በጉልበት ሲታይ 16 እጥፍ ገደማ ነው። በመጀመሪያው ቁጥር ተመርኩዛችሁ «ያን ያህል አያሰጋም» ብላችሁ እንዳትጽፉ የምለው ለዚህ ነው።

ጥልቀቱ ልክ 10 ኪሎ ሜትር ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ የተለካ አይደለም፤ በቂ ጣቢያ በአቅራቢያው ሳይኖር ሲቀር ስሌቱ እንዲሄድ የሚቀመጥ ቁጥር ነው። «በ10 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ስለደረሰ» እያሉ ትንታኔ መስጠት ከዚህ የሚመጣ ስህተት ነው። «በሬክተር ስኬል» የሚለውንም ተዉት፤ ዛሬ ለትላልቆቹ የሚሠራበት ልኬት ሌላ ነው። «መጠኑ 5.7» ካላችሁ ይበቃል።

ለሰዓቱ ቀላል ዘዴ አለ፦ ከዩቲሲው 3 ቀንሱ፣ የእኛ አቆጣጠር እሱ ነው። ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱለት፤ አልቀነስ ካለ መጀመሪያ 12 ጨምሩበት። የቱርኩ የየካቲት 6 ቀን 2023 መንቀጥቀጥ በዩቲሲ 01:17 ነው፤ 13:17 አድርጋችሁ 3 ስትቀንሱ ከሌሊቱ 10፡17 ይሆናል። ቀኑን የሚያምታታው ከ21:00 ዩቲሲ በኋላ ያለው ነው፤ እዚያ ቀኑ ሳያልቅ አዲስ አበባ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ ተቀይሯል። ለምሳሌ አንድ መንቀጥቀጥ በተቋማቱ ሰንጠረዥ ላይ ጥር 3 ቀን 2025፣ 21:52 ይላል እንበል። በእኛ ግን አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 6፡52፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ነው። ሁለቱንም ካልጻፋችሁ አንባቢ ሁለት መንቀጥቀጥ የደረሰ ይመስለዋል።

ማንቂያን በተመለከተ፣ የዩኤስጂኤስ የኢሜይል አገልግሎት ካርታ ላይ አካባቢ አስመርጦ ዝቅተኛውን መጠን ያስወስናል፤ ለቀንና ለሌሊት ለየብቻ መወሰንም ይቻላል። ለአፍሪካ ቀንድ 4.0፣ ለቀሪው ዓለም 6.5 አድርጉት። በዓለም ላይ 6 እና ከዚያ በላይ የሆነ በዓመት ከመቶ በላይ ይደርሳል፤ 7 እና ከዚያ በላይ 15 ገደማ ነው። በ6.5 ላይ ስትቆሙ በሳምንት አንዴ ገደማ ብቻ ይደውልላችኋል። ከመጠኑ ይልቅ ደግሞ ፔጀር የሚባለውን ቀለም እዩ። የሕዝቡን ብዛትና የቤቱን አሠራር አስልቶ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት የሚገምት ነው፤ ለሞት ግምት ብርቱካናማ ከመቶ በላይ፣ ቀይ ከሺህ በላይ ማለት ነው። ውቅያኖስ መሐል የደረሰ 7.2 አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ ጭቃ ቤት የበዛበት ከተማ ሥር የደረሰ 6.0 ደግሞ ቀይ።

ሳተላይት_ተመልካች

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ የአፍሪካ ቀንዱ 4.0 ላይ ግን አንድ ነገር ይጨመር። በአዋሽ፣ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ከመስከረም 2024 መጨረሻ ጀምሮ ማግማ (ቅልጥ አለት) ከሥር ሲገፋ ሕዝቡ የተሰማውን ትንንሽ ንዝረት ሁሉ ዓለም አቀፉ ሰንጠረዥ አይዘውም። ሰው ተሰምቶት ሰንጠረዡ ባዶ ቢሆን «አልተፈጠረም» ብላችሁ እንዳትመልሱ። ለእሱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ተቋም የሚያወጣውን ጠብቁ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ዳር ያለውን የፉሪ ተራራ ጣቢያ የዕለት መስመር (የንዝረት መዝገብ) መመልከት ይጠቅማል፤ የዓለም አቀፉ መረብ አካል ስለሆነ በይፋ ይታያል። ከፈንታሌ የመጣ ከሆነ መስመሩ በመጀመሪያ በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል፣ ከ18 ሰከንድ ገደማ በኋላ ሰፊውና ረጅሙ ይከተላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰከንድ በ8 ስታባዙ ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግርድፉ ታገኛላችሁ፤ 18 ሲባዛ በ8፣ 144። እንዲህ ያለ ክፍተት የሌለውና ቀን ቀን ብቻ የሚበዛ ወፍራም መስመር የሰውና የመኪና እንቅስቃሴ የሚያመጣው ነው።

እሳተ ገሞራን በሚመለከት፣ ለአፍሪካ አብዛኛው ክፍል የአመድ ማስጠንቀቂያ ለበረራ የሚያወጣው ፈረንሳይ ያለው የቱሉዝ ማዕከል ነው። ኅዳር 23 ቀን 2025 (በእኛ ኅዳር 14 ቀን 2018) አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ ዓለም የተከታተለው በእሱ ነበር። ጽሑፉ አጭርና በኮድ የተሞላ ነው። ከሁሉ በፊት «ኤፍኤል» (FL፣ የበረራ ከፍታ) የሚለውን ፈልጉ፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር በመቶ ጫማ ነው። ኤፍኤል 450 ማለት 45,000 ጫማ፣ ወደ 13.7 ኪሎ ሜትር። ከዚያ አመዱ ከ6፣ ከ12 እና ከ18 ሰዓት በኋላ የት ይደርሳል የሚለው ትንበያ ይከተላል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ሁለቱን አመድ አንድ ማድረግ ነው። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን ላይ አልፎ ሕንድ የደረሰው አመድ እጅግ ከፍታ ላይ የነበረ ነው፤ ያስተጓጎለው በረራን ነው። አፍዴራ አካባቢ መሬት ላይ የወረደው ደግሞ የግጦሹንና የውሃውን ጉዳይ ያመጣል፤ በቱሉዝ ጽሑፍ ውስጥ ስለ እሱ ምንም አታገኙም። ለአፋር አንባቢ የሚያስፈልገው ይኼኛው ስለሆነ ከአካባቢው አስተዳደርና ከጤና ባለሙያ ጠይቃችሁ ጻፉ።

ለሰደድ እሳት የናሳ ፈርምስ ካርታ አለ። ነጥቡ እሳቱ ያለበት ትክክለኛ ቦታ ሳይሆን 375 ሜትር በ375 ሜትር የሆነ ሙቀት የታየበት ካሬ መሐል ነው። ሳተላይቶቹ ከቀኑም ከሌሊቱም በእኛ 7፡30 ገደማ ያልፋሉ፤ ነጥቡ ካርታ ላይ እስኪወጣ እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል። ደመና ካለ አይታይም። በዚያ ላይ ሙቀት ሁሉ ሰደድ እሳት አይደለም፦ ኤርታ አሌ በተደጋጋሚ ይታያል፣ በባሕረ ሰላጤው የነዳጅ ማውጫዎች የሚቃጠለው ጋዝም እንዲሁ። አንድ ነጥብ ለብቻው ዜና አይሆንም። በተከታታይ ሁለት ማለፊያ ቦታውን እየለወጠ ከሰፋ ግን ተነሱ።

ባሕረ_ሰላጤ

የአውሎ ነፋሱን እኔ ልጨምር፤ ሳላላ፣ ጅቡቲና በርበራ ያሉ አንባቢዎችን ይመለከታል። ለሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ኃላፊነት ያለበት የሕንድ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ማዕከል ለተመሳሳይ ማዕበል ከፍ ያለ ፍጥነት ይሰጣል፤ አሜሪካኖቹ የ1 ደቂቃ፣ ሕንዶቹ የ3 ደቂቃ አማካይ ስለሚወስዱ ነው። ሁለቱን በአንድ ልጥፍ ካቀላቀላችሁ ነፋሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ የበረታ ያስመስላል። ዋናዎቹ ወቅቶች ግንቦት አካባቢ እና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ናቸው፤ ሳጋርና መኩኑ የተባሉት ማዕበሎች እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018፣ ጋቲ በኅዳር 2020 የመጡት በዚያው ነው።

ለአሜሪካ አንባቢዎች የማያሚው የአውሎ ነፋስ ማዕከል መግለጫውን በ03፣ 09፣ 15 እና 21 ዩቲሲ ያወጣል። በእኛ ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 6፣ ከምሽቱ 12 እና ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ማስጠንቀቂያ ከታወጀ በየ3 ሰዓቱ ይሆናል። በመሐሉ ገጹን መክፈት ዳታ ማባከን ነው። ካርታው ላይ ያለው ነጭ ሾጣጣ የማዕበሉ ስፋት አይደለም፤ ማዕከሉ ሊያልፍበት የሚችል ነው፣ እሱም ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል። ከሾጣጣው ውጭ ያለ ሰው «እኔን አይነካኝም» እንዳይል ይህን በየልጥፉ ድገሙት። ደረጃ 1፣ ደረጃ 5 የሚባለውም ነፋስን ብቻ ይለካል፤ ዝናቡንና ጎርፉን አይነግርም።

ለሱናሚ የመጀመሪያው መግለጫ ከመጠንና ከቦታ ብቻ የተሰላ ነው። ሞገዱ መኖሩ የሚረጋገጠው ከባሕር ውስጥ መለኪያና ከወደብ ነው፤ ከካምቻትካ እስከ ሃዋይ 6 ሰዓት ገደማ ይጓዛል። የመጀመሪያው ሞገድ ትንሽ ሆኖ ቢያልፍ «አበቃ» አትበሉ፤ ትልቁ ኋላ ሊመጣ ይችላል።

ዳታ ለመቆጠብ ከድረ ገጾች አዲስ የወጣውን ጽሑፍ ብቻ የሚያመጣ የአርኤስኤስ (RSS) መተግበሪያ ጫኑ፤ የዩኤስጂኤስንና ዓለም አቀፍ የአደጋ ማንቂያ የሆነውን የጂዲኤሲኤስን (GDACS) የአርኤስኤስ አድራሻ አስገቡና በየ15 ደቂቃው እንዲያድስ አድርጉት። ጂዲኤሲኤስ መንቀጥቀጥም ማዕበልም ጎርፍም በአንድ ቦታ ይዟል፤ ብርቱካናማና ቀዩን ብቻ ብታዩ ይበቃል።

የቻናል_አዘጋጅ

እግዜር ይስጥልን። አንድ ቀረን፦ ቁጥሩ ሲቀየር የመጀመሪያውን ልጥፍ እናጥፋው?

ስምጥ_ሸለቆ

አታጥፉት። ቀድሞ የተላለፈው ቅጂ በሰው ስልክ ይቀራል፣ ማረሚያውን ግን ማንም አያገኘውም። ያንኑ ልጥፍ አርሙት፤ ከላይ «ታርሟል፣ ከሌሊቱ 7፡20፣ ዩኤስጂኤስ፦ ከ5.8 ወደ 5.7» ብላችሁ የድሮውን ቁጥር ከሥር ተዉት። ቪዲዮ ግን ቀንና ቦታው እስኪጣራ ከነጭራሹ አታውጡ። «ነገ በዚህ ሰዓት ይደገማል» የሚል መልእክት ሲመጣም እንደዚያው፤ ቀንና ሰዓት ቆርጦ መንቀጥቀጥን የሚተነብይ መሣሪያ የትም የለም።