ስፓኒሽ የምትችሉ እርዱኝ፦ «ስምሽ ማን ነው» ብዬ ጠየቅኳት፣ አልገባትም

የጀጎል አስጎብኚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐረር ጀጎል ውስጥ እንግዳ አስጎበኛለሁ። እንግሊዝኛው ብዙም አያስቸግረኝም። ስፓኒሽ ግን ከጀመርኩ ገና አራት ወሬ ነው፣ እሱንም በስልክ አፕ ነው የምማረው። መጠየቂያዎቹን ሸምድጃቸዋለሁ። ኬ ምን፣ ኪዬን ማን፣ ዶንዴ የት፣ ኳንዶ መቼ፣ ኮሞ እንዴት፣ ኳንቶ ስንት።

ባለፈው ሳምንት ከስፔን የመጡ ባልና ሚስት ደረሱኝ። ሸዋ በር ጋ ቆመን ሴትየዋን «ኪዬን ኤስ ቱ ኖምብሬ?» አልኳት። ባሏን አየችው፣ እሱም እሷን አያት። ደገምኩላት። ጣቴን ደረቴ ላይ አድርጌ የራሴን ስም ስነግራት ነው የገባት። ከየት ከተማ እንደመጡ ልጠይቅ ብዬ ደግሞ «ዶንዴ ኤሬስ?» ስላት አሁንም ዝም። ማን ኪዬን ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? ኳል የምትባለዋስ ከኬ በምን ትለያለች? አፑ ስሳሳት ቀይ ያበራል እንጂ ለምን እንደተሳሳትኩ አይነግረኝም።

የለገሃሬው፦
ድሬ ነኝ። ስፓኒሽ የተማርኩት ኩባ ነው። በ1970ዎቹ ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ ወደምትባለው የኩባ ደሴት ከሄዱት ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ነበርኩ። አቦ፣ ያንተን ስህተት እኛም መጀመሪያ ላይ ሠርተነዋል፤ የመጣው ከአማርኛችን ነው። ስምን «ማን» ብሎ የሚጠይቀው እኛ ነን። ኦሮምኛም «መቃን ኬ ኤኙ» ይላል፣ ያው ማን ነው። በስፓኒሽ ኪዬን ለሰው ብቻ ነው፣ ስም ደግሞ ሰው አይደለም። ስለዚህ «ኮሞ ቴ ያማስ?» በል፣ ቃል በቃል «እንዴት ትባያለሽ» እንደማለት ነው። ወይም «ኳል ኤስ ቱ ኖምብሬ?» በላት። እኛ ድሬና ሐረር ለትልቁም ለትንሹም አንተ ነው የምንለው፣ ግን በዕድሜ የገፋ እንግዳ ከሆነ «ኮሞ ሴ ያማ?» ብትል ጥሩ ነው፣ እርስዎ ማለት ነው።

«ስንት» ላይም ተጠንቀቅ። እኛ ሰዓቱንም ስልኩንም በስንት እንጠይቃለን። እነሱ ሰዓቱን «ኬ ኦራ ኤስ?» ነው የሚሉት። ስልክ ቁጥሩን ደግሞ «ኳል ኤስ ቱ ኑሜሮ?» ይላሉ። ኳንቶ የሚቆጠርና የሚለካ ነገር ላይ ብቻ ነው የሚገባው። ስፌት ሲገዙ «ኳንቶ ኩዌስታ?» ብለው ዋጋ ይጠይቁሃል። የእኛ ስንት አይለወጥም፣ የእነሱ ግን ከስሙ ጋር ይለወጣል። በር ሴት ስለሆነ የጀጎልን በሮች «ኳንታስ ፑዌርታስ?» ይሏቸዋል። ዓመት ወንድ ነው፣ ስለዚህ ዕድሜ «ኳንቶስ አኞስ?» ይሆናል። እዚህ ላይ ኞን አደራ! «አኖስ» ካልክ አሳፋሪ ቃል ይወጣሃል። ደግነቱ ኞ በፊደላችን አለች።

ስለ ኳል የጠየቅከው፦ መልሱ ከብዙ ውስጥ አንዱ ከሆነ፣ ማለት ከስሞች አንዱ ስም፣ ከቁጥሮች አንዱ ቁጥር፣ ከከተሞች አንዱ ዋና ከተማ፣ ኳል ነው። ምንነቱን ከጠየቅክ ኬ ነው። «ኬ ኤስ ጀጎል?» ያለህ እንግዳ ጀጎል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ፈልጓል፣ ስለዚህ የግንቡን ታሪክ ንገረው። «ኳል ኤስ ላ ካሳ?» ካለህ ግን ቤቱ የቱ ነው እያለህ ስለሆነ በጣትህ አሳየው። ከመጠየቂያው ቀጥሎ ስም ካለ ደግሞ የስፔን ሰዎች ኬ ነው የሚሉት፣ «ኬ ፑዌርታ?» የትኛው በር። የላቲን አሜሪካ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ኳል ሲል ብትሰማ ግን አትገረም። ኩባ ደግሞ «ኬ ቱ ኪዬሬስ?» ይላሉ፣ ተውላጠ ስሙን ከግሡ አስቀድመው። እኔ ዛሬም እንደዚያ ነው የምናገረው።

ሳቢያን፦
«ዶንዴ ኤሬስ» ላይ እኔ ልጨምር። እንግሊዝኛህ ነው ያሳሳተህ። እንግሊዝኛ «ከ»ን መጨረሻ ላይ ስለሚወረውራት ትረሳታለህ፣ ስፓኒሽ ግን ልክ እንደ አማርኛ መጠየቂያው ፊት ነው የሚያስቀምጣት። ከየት ዴ ዶንዴ፣ ከማን ጋር ኮን ኪዬን፣ ለማን ፓራ ኪዬን፣ ወዴት አዶንዴ። ስለዚህ የጠየቅካት «ዴ ዶንዴ ኤሬስ?» መሆን ነበረበት። እዚህ ላይ በአማርኛ አስብ፣ ያዋጣሃል። «ለምን» የሚለው ግን ሁለት ዓይነት ነው። ምክንያቱን ስትጠይቅ ፖር ኬ፣ ዓላማውን ስትጠይቅ ፓራ ኬ። ፖርኬ ተብሎ አንድ ላይ ከተጻፈ ደግሞ መልሱ ነው፣ ምክንያቱም ማለት።

ስትጽፍ መጠየቂያዎቹ ላይ ያለችውን ጭረት አትተዋት። እኔ የምለይበት መንገድ ይኸው። ወደ አማርኛ ስመልሰው መቼ፣ የት፣ ማን ከወጣ ጭረት አደርጋለሁ። «የት እንዳለ አላውቅም» ጥያቄ ባይሆንም «የት» አለበት፣ ስለዚህ ጭረት አለው። «ስመጣ» ወይም «የምኖርበት ቤት» ከሆነ ግን መቼም የትም የለበትም፣ ኳንዶና ዶንዴ ያለ ጭረት ይጻፋሉ። ከፊት የሚደረገውን የተገለበጠ የጥያቄ ምልክትም አትርሳ። የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ በ1754 እ.ኤ.አ. ነው ያስገባው፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር ጥያቄ መሆኑ ከመጀመሪያው እንዲታወቅ።

የጀጎል አስጎብኚ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ! አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ጅብ ሲመገብ ለማየት በስንት ሰዓት እንገናኝ ለማለት «አ ኬ ኦራ» ነው አይደል? እነሱ «አ ላስ ሲዬቴ» ካሉኝስ?

የለገሃሬው፦
አዎ፣ በስንት ሰዓት «አ ኬ ኦራ» ነው። ሲዬቴ ሰባት ነው፣ ግን የእነሱ ሰባት የእኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ብትጠብቃቸው ጅቦቹ በልተው ሄደው ታገኛቸዋለህ። እኔ ብሆን ሰዓቱን በእነሱ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር የማሳያቸው።