ለልምምድ የሚሆን ቀላል ነንቻኩ፦ ስፖንጅ፣ እንጨት ወይስ አሉሚኒየም?

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የሚሆን ቀለል ያለ ነንቻኩ (በአጭር ማያያዣ የተያያዙ ሁለት የልምምድ ዱላዎች) ጠቁሙኝ። ስፖንጅ የለበሰ፣ የእንጨት እና የአሉሚኒየም አለ። ክብደቱ ስንት ቢሆን ይሻላል? ማያያዣውስ ገመድ ይሁን ሰንሰለት?

ጥቆማ 1፦ ከክብደቱ በፊት ልኩን እይ። የአንዱ ዱላ ርዝመት ከመዳፍህ መካከል እስከ ክርንህ ቢደርስ በቂ ነው፤ ለብዙ አዋቂ ሰው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ከዚያ ከረዘመ በብብት ስር ሲያልፍ ክርን እየመታ ያስቸግራል። ማያያዣውን ደግሞ በመዳፍህ ለካ። እጅህን ዘርግተህ ገመዱን በመዳፍህ ላይ አጋድመው። ሁለቱ ዱላዎች በግራና በቀኝ ቀጥ ብለው ከተንጠለጠሉ ልክህ ነው። እጅህን ከጨመቁህ አጥሯል፤ ርቀው ከተወዛወዙ ረዝሟል። የረዘመ ማያያዣ የሚዞረውን ክብ ያሰፋዋል፣ ዱላውም ካሰብከው ዘግይቶ ይደርሳል። ጀማሪ ራሱን የሚመታው ባብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስፖንጅ የለበሰውን እመክራለሁ። ውስጡ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ስለሆነ ጥንዱ ከ150 እስከ 250 ግራም ይመዝናል። ስትገዛ ስፖንጁን በሁለት እጅህ ጠምዝዘው። ቱቦው ላይ የሚሽከረከር ከሆነ ተወው፣ በላብ እጅ ስትይዘው ዱላው ከስፖንጁ ተለይቶ ይዞራል። ውፍረቱንም ተመልከት፤ ጣቶችህ ዙሪያውን ይዘው አውራ ጣትህ ከመሃል ጣትህ ጋር መገናኘት አለበት።

ጥቆማ 2፦ በስፖንጁ እስማማለሁ፣ ግን አትክረምበት። በጣም የቀለለ ዱላ በራሱ ጉልበት አይዞርም፤ የሚያዞረው የእጅ አንጓህ መሆኑ ቀርቶ ትከሻህ ይሆናል። አንዴ ከለመደ ይህን ማስተው ከባድ ነው። ሌላው ችግር፣ ስፖንጅ ልብስ ላይ ይጣበቃል፣ መዳፍ ውስጥም አይንሸራተትም። ስለዚህ በእጅ ላይ የሚንከባለሉ እንቅስቃሴዎች በእሱ አይማሩም። ስትመታም ስለማያምህ ዱላው በተሳሳተ መንገድ መምጣቱን ሳታውቀው ታልፋለህ።

ቀጣዩ ደረጃ ቀላል እንጨት ነው። ሒሳቡን ላስቀምጥልህ። 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 2.8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ዱላ፣ እንደ ጥድ ካለ ለስላሳ እንጨት ከተሠራ ጥንዱ 185 ግራም ገደማ ነው፤ ኦክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት ከሆነ 260 ግራም። ሁለቱም ቀላል የሚባሉ ናቸው። ለስላሳው እንጨት ግን እርስ በርስ ሲጋጭ ይሰረጎዳል፣ ከአናቱም ይሰነጠቃል። እኔ ቀጠን ያለ ኦክ እመርጣለሁ። የእንጨቱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት፤ መስመሩ በሰያፍ የሚወጣ ከሆነ በዚያው ይሰበራል። ወፍራም ቨርኒሽ በላብ ያንሸራትታል፣ በቀጭኑ ዘይት የተቀባ ይሻላል። ሁለቱን ዱላዎች ከተቻለ ለየብቻ መዝናቸው፣ አንዱ ከሌላው በግልጽ ከከበደ እጅ በቀየርክ ቁጥር ዙሩ ይለዋወጥብሃል።

ክብ ወይስ ባለ ስምንት ጎን? በኮቡዶ፣ ማለትም በጃፓኗ ደሴት በኦኪናዋ ባህላዊ የጦር መሣሪያ ስልት፣ የምትለማመድ ከሆነ ባለ ስምንት ጎኑ በእጅ ውስጥ ሳይዞር ይረጋል። እየወረወሩ የሚያንከባልሉበትን ነፃ ስልት ከፈለግህ ክቡን ያዝ።

ጥቆማ 3፦ ማያያዣውን ማንም በደንብ አያየውም፣ አደጋው ግን ያለው እዚያ ነው። 130 ግራም የሚመዝን አንድ ዱላ፣ የክብደቱ መሃል ከዙሩ መሃል በ35 ሴንቲ ሜትር ርቆ በሰከንድ 10 ሜትር ሲሄድ፣ ማያያዣውን ወደ 4 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ይጎትታል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው፤ 15 ኪሎ ይደርሳል። ስለዚህ የሰንሰለቱ መያዣ በምን እንደታሰረ ጠይቅ። ከአናቱ ወደ ታች በገባ አንድ ቪቴ ብቻ ከሆነ፣ እንጨቱ እየላላ ሄዶ ተነቅሎ ይበራል። ከጎን ወደ ጎን በሚያልፍ ፒን የታሰረው ይቆያል። ኩሽኔታ ያለው ሰንሰለት ሳይጠማዘዝ በነፃ ይዞራል፣ ፈጣን ነው። ለጀማሪ ግን ከሚገባው በላይ ይፈጥናል፤ ብረቱም ጣት ይቆነጥጣል።

ገመድ ዝም ይላል፣ ቀላል ነው፣ ሲያልቅም ራስህ ትቀይረዋለህ። 4 ሚሊ ሜትር የሆነ የተጎነጎነ ናይለን በቂ ነው። አሠራሩ፦ ከአናቱ መሃል 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ወደ ታች 3 ሴንቲ ሜትር ትበሳለህ። ከጎን ደግሞ እሱን የሚያገኝ 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ታወጣለህ። ገመዱ ከላይ ገብቶ በጎን ይወጣል፣ ይቋጠራል፣ ተመልሶ ሲሳብ ቋጠሮው ጎኑ ውስጥ ይደበቃል። ጫፉን በእሳት አቅልጠው። የላይኛውን ቀዳዳ ከንፈር በብርጭቆ ወረቀት ሳታለዝብ እንዳታስገባው፤ ገመድ የሚበጠሰው መሃሉ ላይ ሳይሆን ያ ስል ጠርዝ እየበላው ነው። አዲስ ናይለን ስለሚለጠጥ ከመጀመሪያው ልምምድ በኋላ ርዝመቱን እንደገና ለካ። ጠርዙ ላይ ፀጉር ፀጉር ማለት ከጀመረ በዚያው ቀን ቀይረው።

ጥቆማ 4፦ አሉሚኒየሙን ለጀማሪ አልመክርም። ባዶ ቱቦ ስለሆነ ሚዛን ላይ ይቀላል፤ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 2 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ያለው ጥንድ 235 ግራም አካባቢ ነው። ክርን ላይ ሲያርፍ ግን እንደ ብረት ነው፣ ቀላልነቱ የሚሰጠው ፍጥነት ብቻ ነው። ስፖንጅ የሌለው ጠንካራ ፕላስቲክም ከአናቱ ስለሚፈነጠቅ ይቅርብህ።

ደግሞ ከመግዛትህ በፊት ያለህበትን አገር ሕግ አጣራ። ካናዳና ጀርመን ውስጥ ነንቻኩ ክልክል ነው። ኒው ዮርክ በ1974 ከልክላው የነበረ ሲሆን ክልከላው በ2018 በፍርድ ቤት ወድቋል።

ጥቆማ 5፦ አንድ ልጨምር። የትኛውንም ብትገዛ መጀመሪያ ዱላውን ከማያያዣው ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብለህ ያዝ፣ ዙሩ አጥሮ ይታዘዝልሃል። እየለመድክ ስትሄድ ወደ ታችኛው ጫፍ ውረድ። ዙሪያህን ቢያንስ 2 ሜትር ክፍት አድርግ፣ የዓይን መከላከያ አድርግ። ከመጀመርህ በፊት ሁለቱን ዱላዎች ይዘህ ማያያዣውን አንድ ሁለቴ በኃይል ሳበው፤ የሚንቋቋ ድምፅ ከሰማህ ዛሬ አታዙረው።