የፍጥነት ወሰን በሕግ ይቀነስ ወይስ ነዳጅ መቆጠብ ለነጂው ይተው?

አወያይ፦ ነዳጅ ሲወደድ መንግሥታት ቶሎ ትዝ የሚላቸው የፍጥነት ወሰን ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ የነዳጅ ፍጆታን በአጭር ጊዜ ለመቀነስ ዐሥር ምክሮች አቅርቦ ነበር፤ የመጀመሪያው በአውራ ጎዳናዎች ላይ የሚፈቀደው ፍጥነት ቢያንስ በ10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ዝቅ ይበል የሚል ነው። የዛሬው መከራከሪያችን ይኸው ነው። አነስተኛ የቤት መኪና የሚነዳ ተራ ሰው ከእንዲህ ያለው ሕግ የሚያተርፈው ነገር አለ? ወይስ ቁጠባው ያለው በነጂው እግርና በመኪናው ይዞታ ነው? ስድብ አይፈቀድም። «የእኔዋ በሊትር ሃያ ትሄዳለች» የሚል ሁሉ ደግሞ እንዴት እንደለካ አብሮ ይንገረን።

የፊዚክስ መምህር፦ ወሰኑ ይቀነስ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምስክሬም አየር ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ90 ወደ 110 ኪሎ ሜትር በሰዓት የወጣ ሰው ፍጥነቱን የጨመረው በ22 በመቶ ያህል ነው፤ አየሩ ግን በ50 በመቶ ገደማ በበለጠ ጉልበት ይገፋዋል። ጠቅላላው የቤንዚን ፍጆታ በዚያው ልክ ይዘላል ማለቴ አይደለም። የጎማው ተቃውሞና የሞተሩ የውስጥ ሰበቃም ድርሻ አላቸው፤ እነርሱ ደግሞ በፍጥነት ያን ያህል አይናሩም። ሆኖም አብዛኞቹ የቤት መኪናዎች በአንድ ሊትር ረጅሙን መንገድ የሚሄዱት ከ50 እስከ 80 ባለው ፍጥነት፣ በከፍተኛ ማርሽ፣ ሳይቆራረጡ ሲነዱ ነው። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ጭማሪ ካለፈው የበለጠ ያስከፍላል።

«መኪናዬ ትንሽ ስለሆነች አየሩ አይጎዳትም» የሚሉ አሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ትንሽ መኪና ክብደቷ ስለሚያንስ ጎማዎቿ የሚበሉት ጉልበት ጥቂት ነው፤ ከፍታዋና ስፋቷ ግን ከትልቋ ብዙም አያንስም፤ ኋላዋም አጭርና ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ በአውራ ጎዳና ላይ ከድካሟ ትልቁን እጅ የሚወስድባት አየር ነው። ይህን ሁሉ ከፍለን የምናገኘው ምንድን ነው? 100 ኪሎ ሜትር በ90 ሲኬድ 67 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በ110 ሲኬድ 55 ደቂቃ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ።

መካኒክ፦ መምህር፣ ስሌቱ ላይ ጥያቄ የለኝም። ነገር ግን ወደ ጋራዥ የሚመጣው መኪና በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሳለው አይደለም። «ቤንዚን ትበላለች» ተብላ የመጣችን መኪና ስመረምር የማገኘው ፍጥነት አይደለም። ጎማዎቿ ላልተዋል። ወይም አንደኛው ፍሬን ተለጥፎ ቀርቶ ጎማውን ይዞ ይጎትታል፤ ጠርዙ ሲነካ ያቃጥላል። ወይም የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ክፍት ሆኖ ስለቀረ ሞተሩ ሙቀቱን አያገኝም፤ ኮምፒውተሩም ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ያበዛል። ወይም በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ለክቶ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ሴንሰር ደክሟል፤ የማስጠንቀቂያ መብራቱ ወራት ሙሉ በርቶ ባለቤቱ ለምዶታል። ይህችን መኪና በ90 ብትነዷት ምን ሊጠቅም?

ስለ ጎማ አንድ ነገር ላክል፣ ሁሉም ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። ትክክለኛው የአየር ልክ የተጻፈው በነጂው በር አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ ወይም በመኪናው መመሪያ ውስጥ ነው። በጎማው ጎን ላይ የሚነበበው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛ ግፊት ነው። ልኩ ደግሞ ጎማው ቀዝቃዛ እንደሆነ ይታያል፤ ከጉዞ በኋላ ከለካችሁ ግፊቱ ከፍ ብሎ ያታልላችኋል።

የከተማ ነጂ፦ እኔ 90ን የማየው በዳሽቦርዱ ላይ ተጽፎ ብቻ ነው። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር አስነስቼ ልጆች አደርሳለሁ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ እደርሳለሁ፣ አጠፋለሁ፣ እንደገና አስነሳለሁ። በመካከል መብራት፣ መስቀለኛ መንገድ፣ ሰልፍ። የእኔ ቤንዚን የሚያልቀው ቆሜ ነው። አውራ ጎዳና ላይ 130 ቢፈቀድም 80 ቢባልም ለእኔ ልዩነት የለውም። ሕግ አውጪው ነዳጅ ማዳን ከፈለገ መብራቶቹን ያናብልኝ፤ አንዱ አረንጓዴ ሆኖ ሲለቀኝ ቀጣዩ ቀይ ሆኖ አይጠብቀኝ።

መካኒክ፦ እህቴ የተናገረችው ይመዘገብልኝ። ቆሞ የሚሠራ አነስተኛ ሞተር በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ያቃጥላል፤ የሄደው መንገድ ግን ዜሮ ነው። ከ10 ሰከንድ በላይ የሚቆም ሰው ሞተሩን አጥፍቶ ቢያስነሳ ይሻለዋል፤ እርግጥ ሰልፍ ውስጥ ሳይሆን ሰው ሲጠብቅ ወይም የባቡር ማቋረጫ ላይ ሲቆም።

አንጋፋ ነጂ፦ እናንተ ልጆች መጽሐፍ ታበዛላችሁ። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጉና ልቀቋት። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ነድቻለሁ፤ ከእኔ ያነሰ ቤንዚን የሚገዛ ጎረቤት የለኝም።

መካኒክ፦ አባቴ፣ ይህ ልማድ ያደገው ቤንዚንና አየርን ያለ ኮምፒውተር በሚቀላቅለው በካርቡሬተር ዘመን ነው። አሁን ያሉት መኪናዎች ቤንዚኑን የሚረጩት በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። ማርሽ ውስጥ እያሉ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ ጎማዎቹ ሞተሩን ስለሚያዞሩት ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ፈጽሞ ይዘጋዋል። ማርሹን ዜሮ ሲያደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መርጨት ይጀምራል። ስለዚህ ረጅም ቁልቁለት ላይ በማርሽ የሚወርደው ምንም አያቃጥልም፤ እርስዎ ግን ያቃጥላሉ። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከናካቴው አይነሣ። የፍሬኑ አጋዥ ጉልበት ጥቂት ረገጣ ካደረጉ በኋላ ያልቃል፤ መሪውም ይከብዳል፤ ቁልፉ ከወጣ ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

አንጋፋ ነጂ፦ ኮምፒውተሩ ለአንተ ይታዘዝ። እኔ ሞተሩ ሲያርፍ በጆሮዬ እሰማለሁ።

የፊዚክስ መምህር፦ በአንድ ነገር አባታችንን ላግዛቸው። ቁልቁለቱ ለስላሳ ከሆነና ማርሹ መኪናዋን የሚይዛት ከሆነ፣ በዜሮ የምትወርደው ረጅም መንገድ ስለምትንከባለል ሂሳቡ ሊቀራረብ፣ አንዳንዴም ወደ እርሳቸው ሊያደላ ይችላል። ሆኖም ድንገት ጉልበት ሲያስፈልግ ማርሽ የሌለው መኪና ምን እንደሚያደርግ ያስቡበት። በአንዳንድ አገሮች ሕግም የከለከለው ለዚህ ነው።

አወያይ፦ ከጥያቄው ወጥተናል፤ ደስ የሚል መውጣት ቢሆንም። ሕጉ ላይ እንመለስ።

ተጠራጣሪ፦ ልመልሳችሁ። ይህ ሕግ ተሞክሯል፤ ውጤቱም ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ የአረብ አገሮች የነዳጅ እገዳ ሲጥሉ አሜሪካ ደነገጠች፤ በጃንዋሪ 1974 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በመላ አገሪቱ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 89 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲሆን የሚያስገድደውን ሕግ ፈረሙ። ከዚያስ? ሰው አልተቀበለውም። ሞንታና የተባለችው ግዛት በቀን ወሰኑን ጥሶ የተገኘ ነጂን የምትቀጣው አምስት ዶላር ነበር፤ ወንጀሉም ነዳጅ ማባከን ተብሎ ይጻፍ ነበር። በ1987 ከከተማ ውጭ ባሉ አውራ ጎዳናዎች ወደ 65 ማይል ላላ፤ በ1995 ሙሉ በሙሉ ተሻረ። ጀርመንም በዚያው ቀውስ ጊዜ አውቶባን በሚባሉት ፈጣን አውራ ጎዳናዎቿ ላይ 100 ኪሎ ሜትር ብላ ወሰነች፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ተወችው። ስፔን በ2011 የሊቢያው ጦርነት የነዳጅን ዋጋ ሲያንረው ከ120 ወደ 110 ዝቅ አደረገች፤ ከማርች እስከ ጁን ብቻ ቆየ፤ በጁላይ ወደ 120 ተመለሰ። ሕዝብ የማያምንበት ወሰን ምልክት መትከያ እንጂ ቁጠባ አይደለም።

የፊዚክስ መምህር፦ ታሪኩን ግማሽ አድርገህ ነገርከን ወንድሜ። በአሜሪካ በ1973 ከ54,000 በላይ ሰዎች በመኪና አደጋ ሞተዋል፤ በ1974 ቁጥሩ ወደ 45,000 ገደማ ወረደ።

ተጠራጣሪ፦ በዚያ ዓመት ቤንዚን ጠፍቶ ሰው መንዳትም ቀንሶ ነበር፤ ሁሉንም ለፍጥነቱ አታስመዝግብ። ደግሞ እኛ የያዝነው የነዳጅ ነገር ነው። ለአደጋ ሲባል ይቀነስ ብትል ሌላ ክርክር ነው፤ ምናልባት እኔም ከጎንህ እቆም ይሆናል።

ታዛቢ፦ መኪና ለመሸጥ ያሰበ ሁሉ ፋብሪካው የጻፈውን የፍጆታ ቁጥር ያሳያል። ያ ቁጥር የተለካው በላቦራቶሪ ውስጥ በሮለር ላይ ነው። አውሮፓ የድሮውን ልኬት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀየረችው ወረቀቱና መንገዱ ስለተራራቁ ነው። ስለዚህ ስትከራከሩ ታንኩን ሞልታችሁ፣ ነድታችሁ፣ መልሳችሁ ሞልታችሁ ያገኛችሁትን አምጡ።

መካኒክ፦ ስለ ሻጭ ካነሣን፣ በቤንዚን መስመር ላይ የሚታሰር ማግኔት፣ በሲጋራ ማቀጣጠያ ቀዳዳ የሚሰካ «ነዳጅ ቆጣቢ» ዕቃ አትግዙ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን መርምሮ የረባ ጥቅም ያገኘባቸው እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ፊልትሮ ስለ መቀየርም የሚባለው ተጋንኗል። የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ በካርቡሬተር መኪና ቤንዚን ያስበላል፤ ኢንጀክሽን ባላት፣ ማለትም ቤንዚን በኮምፒውተር ትእዛዝ በሚረጭባት መኪና ግን ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ ቤንዚኑን ስለሚቀንስ የምታጡት ጉልበት ነው። ፊልትሮውን ቀይሩ፤ ለሞተሩ ብላችሁ ቀይሩ። ገንዘቡን ግን ከዚያ አትጠብቁ። ይልቅ ባዶውን ዓመት ሙሉ ጣሪያ ላይ የሚኖረውን የዕቃ መጫኛ አውርዱ።

ሀገር አቋራጭ ነጂ፦ ሁላችሁም «ለነጂው ይተው» ስትሉ ነጂው ብቻውን መንገድ ላይ ያለ ይመስላችኋል። አነስተኛ መኪና ይዤ በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ እመላለሳለሁ። በ85 ልሂድ ብል ከኋላዬ የጭነት መኪና ይጠጋኛል፤ መብራቱን ያበራል፤ ጡሩንባውን ይነፋል። የሚቀድመኝ ሁሉ ወደ ግራ ወጥቶ ሕይወቱንና ሕይወቴን ያስይዛል። በመጨረሻ እኔም ከሌሎቹ ጋር 110 እገባለሁ። ፈልጌ አይደለም። ጎማዬን መንፋት በእጄ ነው፤ ቀስ ብሎ መነሣት፣ ርቀት ጠብቆ ፍሬን አለማብዛት፣ የማይረባ ዕቃ ከኋላ ማውጣት፣ ሁሉም በእጄ ነው። ፍጥነት ግን ብቻዬን የምመርጠው ነገር አይደለም፤ አብረውኝ ያሉት ይወስኑልኛል። ሕግ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ዝግ ብሎ መንዳት የሚፈልግ ሰው ሳይፈራ እንዲነዳ።

የከተማ ነጂ፦ ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ታዲያ ለአንተ ወሰን፣ ለእኔ የሚናበቡ መብራቶች።

ታዛቢ፦ የቆጠባችሁትን ቤንዚን ደግሞ እሑድ ሽርሽር ሄዳችሁ ታቃጥሉታላችሁ።

ሀገር አቋራጭ ነጂ፦ ብናቃጥለውስ? ለሽርሽር የዋለ ቤንዚን ጠቅሞኛል። አየር በመግፋት ያለቀው ግን ለማንም አልዋለም።

ተጠራጣሪ፦ የወንድማችን ነጥብ ከመምህሩ ስሌት ይልቅ ለእኔ ይከብዳል፤ አልሸሽገውም። ግን ወዴት እንደሚያደርስ ተመልከቱ። ችግሩ ሌሎቹ መኪናዎች ከሆኑ፣ ወሰኑ የሚያስፈልገው ሌሎቹ መኪናዎች ባሉበት ሰዓትና መንገድ ነው። ኔዘርላንድስ በማርች 2020 በናይትሮጅን ብክለት ምክንያት አውራ ጎዳናዎቿን ወደ 100 ስታወርድ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ብላ ነው የወሰነችው፤ ሌሊት ቀድሞ ከፍ ያለ ፍጥነት የተፈቀደበት መንገድ እንደ ቀድሞው ይነዳበታል። እንዲህ ያለውን፣ ካሜራና እውነተኛ ቅጣት ያለውን ሕግ ካመጣችሁ ድምፄን እሰጣለሁ። ሌሊት ባዶ መንገድ ላይ ስለምሄድበት ፍጥነት ግን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ተዉኝ።

የፊዚክስ መምህር፦ ሌሊት የምታቃጥለውም ቤንዚን የመጣው እኛ ከምንሰለፍበት ማደያ ነው። እገዳ ወይም እጥረት ሲመጣ «የምከፍለው እኔ ነኝ» ማለት አይሠራም፤ አንተ ያቃጠልከው ሊትር ለከተማ ነጂዋ እህታችን አይደርሳትም። የቀኑን ወሰን እቀበላለሁ፤ እጥረት በታወጀ ጊዜ ግን ሌሊቱንም ይጨምር።

ተጠራጣሪ፦ እጥረቱን የሚያውጀው ማን ነው? መጨረሻውንስ? በአሜሪካ ላይ የተጣለው የነዳጅ እገዳ በ1974 ተነሥቶ የፍጥነት ሕጉ እስከ 1995 ቆየ። የሚያበቃበት ቀን በራሱ በሕጉ ውስጥ ይጻፍ፤ ያኔ ስለ ሌሊቱ እንነጋገራለን።