ከመርከብ መተላለፊያ በር ሥር የሚወጣው ደለል ለምን ወደ ወንዙ ይመለሳል?

ጠያቂ፦ በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት፣ በስኔክ ወንዝ ላይ በሚገኘው የአይስ ሃርበር ግድብ፣ በመርከብ መተላለፊያው (መርከቦችን ከግድቡ በላይና በታች ባሉት የውኃ ከፍታዎች መካከል በሚያሸጋግረው ባለ በር ገንዳ) የታችኛው መግቢያ ላይ ድንጋይና ጠጠር እየተከማቸ ጥልቀቱ ከሚፈለገው 14 ጫማ (4.3 ሜትር ገደማ) በታች እንደሚሆን ተረድቻለሁ። ታዲያ ተቆፍሮ የወጣው ደለል እዚያው ወንዝ ውስጥ መደፋቱ ልፋቱን ከንቱ አያደርገውምን?

መልስ 1፦ ከንቱ አያደርገውም፤ ምክንያቱም የሚደፋው መርከቦች ከሚሄዱበት መስመር ውጪ ነው። ደለሉ መንጋጋ በሚመስል ሰፊ የማሽን ማንሻ እየተዛቀ በጭነት ጀልባ ይወሰድና ቀድሞ በተመረጠ ቦታ ይራገፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዚሁ ወንዝ ላይ ካለችው የአይዳሆ ከተማ ከሉዊስተን አካባቢና ከአይስ ሃርበር የወጣው፣ ኖክስዌይ ካንየን በተባለው የወንዙ ክፍል አጠገብ ተደፍቶ፣ ለሳልሞን ጫጩቶች መጠለያ የሚሆን ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ተሠርቶበታል። እኔ ይህን ዘዴ እደግፋለሁ፤ የወንዙ ግድቦች ውኃውን ከፍ አድርገው የሰወሩትን ዳርቻ በጥቂቱም ቢሆን ይመልሳልና።

መልስ 2፦ ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ሆኖም ጊዜው ከቦታው ያላነሰ ክብደት አለው። ቁፋሮው የሚፈቀደው ሳልሞኖች በወንዙ ውስጥ እጅግ በሚያንሱበት ወቅት፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ ብቻ ነው። ደለሉን በወንዙ ፈንታ በየብስ ማከማቸትም ሰፊ መሬትና ተጨማሪ ማጓጓዣ ይጠይቃል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። የሚያሳስበኝ ግን ደለሉ መከማቸቱን እስካላቆመ ድረስ ቁፋሮው በየጥቂት ዓመቱ መደጋገሙ ነው።

መልስ 1፦ ስጋትዎ ትክክል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያም እንደገና መቆፈር አስፈልጓል።